በእጣ የወጣው ቴአትር

ሚዛን፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሔዋን ኢሳይያስ፤ ቴፒ

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ዝናቡ ግን እምቢ ብሎናል። ቡና የጫነ አይሱዙ ደጃፌ ላይ ተቸክሎ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሲገፋ እኔም ልግፋ ብዬ ገባሁ። አይሱዙው ወጣ፣ የግራ ጫማዬ ግን እዚያው ቀረ።

ወደ ጥያቄዎችሽ ልምጣ። አዎ፣ የቴአትርሽ ጽሑፍ ደርሶኛል። ባዘዘው፣ ያ የቴፒ መስመር ሾፌር፣ ከኮረሪማ ጆንያ ሥር ጎትቶ ነው ያወጣልኝ፤ ሳነበው ዋልኩ፣ እጄ እስካሁን ይሸታል። ሁለተኛ፣ የለም፣ ለእናትሽ አልነገርኳትም። ሦስተኛው ጥያቄሽ ደግሞ ስድብ ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም። እኔም እንደ ማንኛውም ሰው ምስጢር መያዝ እችላለሁ።

«ለምን አትደውልም?» ብለሻል። የኔ ስልክ ድምፅ ማጉያው ካልተከፈተ አይሰማም። የሰው ስልክና ሬዲዮ እየጠገንክ የራስህን ለምን አትጠግንም እንዳትዪኝ፤ ለራሴ ደንበኛ የምሆንበት ጊዜ የለኝም። የናትሽን ቤትና የኔን ሱቅ የሚለየው ደግሞ አንድ የቺፑድ ግድግዳ ነው። እኔ እዚህ ሳስነጥስ እሷ እዚያ «ይማርህ» ትል ነበር። አሁን ይማርህም ቀርቷል።

ነገሩን ታውቂዋለሽ። የአባትሽ ሙት ዓመት በጥቅምት ወጣ፤ ጥቁሩን ግን አላወለቀችም። የሰፈሩ ሴቶች ነጭ ነጠላ ይዘው ሊያስወልቋት ቢመጡ በር ላይ ቆማ «ደህና ነኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ሳታስገባቸው መለሰቻቸው። ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤት። ሌላ መንገድ የላትም።

ቴአትርሽን ለወጣት ማዕከሉ የገና ኮሚቴ ሰጥቻለሁ፣ ተቀብለውታል። ቡና በሚለቀምበት ሰሞን አልጋው ሁሉ በነጋዴ የተያዘባት ባለ አልቤርጎ፣ በገና ዋዜማ አንዲት ነፍሰ ጡር መጥታ በሯን ስታንኳኳ! ያቺ ባሏን ከጠዋት እስከ ማታ የምትቆጣ ባለ አልቤርጎ ማን እንደሆነች ለማወቅ ሁለት መስመር በቃኝ። እኔንም ከተወለድኩ ጀምሮ ስትቆጣኝ የኖረች እህቴ ናት።

«እንዴት አድርገህ ነው ለተዋንያን ምርጫው የምታቀርባት?» ላልሽው፣ እሷን አላቀርባትም፤ የምቀርበው እኔ ነኝ። «የባልየውን ቦታ ልወዳደር ነው፣ መነጽሬ ተሰበረ፣ የሴትየዋን ቃል እያነበብሽ አለማምጂኝ» እላታለሁ። ማን ጻፈው ካለችኝ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው እላታለሁ። መነጽሬ ያለው መሳቢያ ውስጥ ነው። የቀረው የእግዚአብሔር ሥራ ነው።

አጎትሽ ከፈለኝ


ቴፒ፣ ኅዳር 14

ጋሼ፣

እንደምን አለህ? ስለ ጫማህ አዝናለሁ። ጥቂት ነገር ጠይቄህ ሁለት ገጽ ስለ አይሱዙና ስለ ኮረሪማ ጻፍክልኝ። «የቀረው የእግዚአብሔር ሥራ ነው» አትበለኝ። የለመንኩት አንተን ነው።

ለምን የሷን ነገር እንደጻፍኩ ልንገርህ። እሁድ እሁድ እደውላለሁ። «እማዬ ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ።» «በላሽ?» «በላሁ።» «ምን አዲስ ነገር አለ?» «ምንም።» ድሮ ስደውልላት ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ነበር የምይዘው። ለምን ጸጉርሽን ተቆረጥሽ፣ ለምን በዝናብ ወጣሽ፣ ያ ስልኩን ያነሳው ልጅ የማን ልጅ ነው! አሁን አትቆጣኝም ጋሼ። ጸጉሬን ላጭቼ ፎቶ ብልክላት «ያምርብሻል» የምትል ይመስለኛል። ቁጣዋን ሳልረሳው ልጻፈው ብዬ ነው የጀመርኩት። ከዚያ ግን እሷው ራሷ መድረክ ላይ ብትናገረውስ አልኩ።

ፈተና ስላለብኝ እስከ ገና ዋዜማ መምጣት አልችልም። ያለሁት በአንተ እጅ ነው፤ ይህን ስጽፍ እንዴት እንደሚጨንቀኝ እወቀው። ውሸት አታብዛ። አንዱን ትዋሻለህ፣ ሁለተኛውንም ትዋሻለህ፣ ሦስተኛው ላይ ራስህ ትስቅና ታስበላናለህ።

ይህችን ብቻ መልስልኝ፦ አነበበች ወይስ አላነበበችም?

ሔዋን


ሚዛን፣ ኅዳር 22

ሔዋንዬ፣

አንብባለች።

አጭር ደብዳቤ ፈልገሽ ነበር፣ ይኸውልሽ። አሁን ረጅሙን ስሚ።

በመጀመሪያው ቀን እንደ ቀበሌ ማስታወቂያ አነበበችው። ድምፅዋ አይወጣ፣ አይወርድ። በማግስቱ እኔ አውቄ መሳሳት ጀመርኩ። መስመር እዘላለሁ፣ የሷን ቃል ነጥቄ አነባለሁ፣ በማይሳቅበት እስቃለሁ። «ተሳስተሃል» አለች ቀስ ብላ። «የቱ ጋ እታለም?» አልኳት። አሳየችኝ። እንደገና ተሳሳትኩ። እንደገና አሳየችኝ። ከዚያ በኋላ ነው የፈነዳችው።

«አንተ ከፈለኝ! ዓይንህን ለሬዲዮ መለዋወጫ ሸጥከው እንዴ? ሴትየዋ ቀኑን ሙሉ አንሶላ ስታጥብ ውላ ወገቧ ተቆርጧል፣ አንተ እንደ ሰርግ ሽማግሌ ትንከተከታለህ!»

«ጽሑፉ ላይ ይስቃል ይላል እኮ።»

«አይልም! ወዲህ አምጣው!»

ነጠቀችኝና የሷንም የኔንም አነበበችው። ያን ጊዜ ሰይፈዲን፣ ጨርቅ ነጋዴው፣ ሬዲዮውን ሊወስድ መጥቶ ነበር። ተቀምጦ እስከ መጨረሻው አዳመጠና ሲወጣ እናትሽን አየት አድርጎ ጆሮዬ ሥር መጥቶ «እትዬ ተሾመች ተመለሱ እንዴ?» አለኝ። «ከየት?» አልኩት። «እኔ እንጃ» አለኝ።

ለምርጫውም ይዣት ሄድኩ፤ መነጽር የሌለው ሰው አንባቢ ያስፈልገዋላ። ወጣቶቹ ኦዲሽን ይሉታል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ኃይለሚካኤል ግን ፈተና ነው የሚለው። ጥቁሯን እንደለበሰች ጥግ ካለው አግዳሚ ተቀምጣ የሴትየዋን ቃል እያነበበች ለባልየው ቦታ የቀረበውን ሁሉ አስነበበችው። ሁሉንም ተቆጣችው፤ ማንንም ግን ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት አልተቆጣችም። ሰነፉን እንደ ሰነፍ፣ ፈሪውን እንደ ፈሪ። አዳራሹ ጣሪያው እስኪነሳ ሳቀ። እሷ ግን ለምን እንደሚስቁ አልገባትም፤ «ምን ያስቃችኋል?» ብላ እነሱንም ተቆጣቻቸው።

ለባለ አልቤርጎዋ የቀረቡት ሴቶች ከዚያ በኋላ ምን ይሁኑ? ሰርካዲስን ታውቂያታለሽ፣ ቅመም የምትሸጠዋን። ልቧ እንደ ማር ነው፣ ድምፅዋ ግን ከፊተኛው አግዳሚ አያልፍም።

አሁን የማልወደውን ልንገርሽ፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። አምና ኃይለሚካኤል ትልቁን ቦታ ለሚስቱ እህት ሰጠ ተብሎ ሲታማ ከርሟል። ዘንድሮ ስሜን ላጽዳ አለ። ሰውየው የገበያው እቁብ ዳኛ መሆኑን አትርሺ፤ በእቁብ ደግሞ አንድም ቀን ታምቶ አያውቅም። ስለዚህ ተነሳና፣ «የተፈተነው ሁሉ አልፏል፤ ቦታው በእጣ ይወጣል» አለ።

በእጣ! ሁላችንም አለፍን። ኮረሪማ የጫነ በቅሎ ቢቀርብም ያልፍ ነበር።

አጎትሽ ከፈለኝ


ቴፒ፣ ኅዳር 27

ጋሼ፣

ሰላምታውን ሲበርድልኝ እጽፈዋለሁ።

እንዴት ነው ቴአትር በእጣ የሚወጣው? እዚህ ለጓደኞቼ ስነግራቸው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔ ጽሑፉን እንደገና አውጥቼ ማን ምን እንደሚደርሰው እያሰብኩ ራሴን ያዝኩ። አንድ ሰው ይጥራ፣ ይለማመድ፣ ይቻል፤ ከዚያ ባርኔጣ ውስጥ እጁን ይክተት? ለአቶ ኃይለሚካኤል ንገርልኝ፦ ቴአትር እቁብ አይደለም። አይ፣ አትንገረው። አንተ ከነገርከው ጨምረህ ነው የምትነግረው።

ስሟን አስመዝግበሃል? ካስመዘገብክ ታውቃለች? ካላስመዘገብክ ለምን? በደብዳቤህ ስለ በቅሎ ጽፈህ ይህን እንዴት ትዘለዋለህ? ጋሼ፣ አንተ አንድ ነገር ስትዘል ያ ነገር ደህና እንዳልሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ።

እሁድ ደውዬ ነበር። «ደህና ነኝ» ካለች በኋላ «ያ አጎትሽ ዓይኑ ጠፍቷል፣ ሐኪም ቤት ውሰጂው» አለችኝ። ተቆጣች ማለት ይቻላል። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። እባክህ አታበላሽብኝ።

ሔዋን


ሚዛን፣ ታኅሣሥ 4

ሔዋንዬ፣

መዘግየቴን ይቅር በይኝ። ባዘዘው ነግሮኛል፣ መናኸሪያ ድረስ ሄደሽ «ደብዳቤ የለም?» እያልሽ አፍጥጠሽበታል። የዘገየሁት የምጽፈው ስላጣሁ አይደለም፤ የምጽፈውን ስላልወደድኩት ነው።

እጣው ወጣ። ስሞቹን ጽፌ የጠቀለልኩት እኔ ስለነበርኩ ባልየው ለኔ ወጣ። እንዴት እንደወጣ አትጠይቂኝ። አዋላጅዋ ለሰይፈዲን ደረሰች። ጢሜን አልላጭም ካለ በኋላ በደስታ ተቀብሏል። ባለ አልቤርጎዋ ሰርካዲስ ሆነች። የዚያኑ ቀን ልብስ አሰፋለሁ ብላ ጨርቅ ለካች።

እናትሽ ባርኔጣው ውስጥ አልነበረችም። ላስመዝግባት ስል «እኔ አንባቢ ነኝ፤ ሐዘንተኛ መድረክ ላይ አይወጣም» አለችኝ። ስሟን በድብቅ መጠቅለል እችል ነበር። ግን ሳትፈልግ ስሟ በሰው ፊት ሲጠራ ታየኝና እጄ እምቢ አለኝ። ለኔ ለራሴ ስጠቀልል እጄ እምቢ እንዳላለኝ እመሰክራለሁ።

የከፋው እዚህ ላይ ነው። በማግስቱ ጽሑፉን ይዛ ሱቄ መጣች። «ይህን ማን ጻፈው?» አለች።

«ከአዲስ አበባ የመጣ ነው።»

«አዲስ አበባ ባሏን ‹አንተ ዝናብ የመታው ስጥ› ብላ የምትሰድብ ሴት አለች?»

«አዲስ አበባም ዝናብ አለ፣ እታለም።»

«ስጥስ? ቡና አስፋልት ላይ ያሰጣሉ?»

«ያሰጣሉ» አልኩ። እዚያ ላይ፣ እንዳልሽው፣ ሦስተኛው ውሸት ላይ፣ ሳቅኩ።

እሷ አልሳቀችም። «ከፈለኝ፣ ያን ስድብ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም አፈር ለብሷል። ሌላዋ ደግሞ በር ሥር ሆና የምትሰማ ልጅ ነበረች» ብላ ጽሑፉን ከተበላሹት ሬዲዮዎች ላይ አስቀምጣው ወጣች። ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም። ሁለት ጊዜ አስነጥሼ ሞከርኩ። አንዱ የውሸት ነበር፣ ለእውነተኛውም «ይማርህ» አላለችኝም።

በጣም ያፈረው አጎትሽ


ቴፒ፣ ታኅሣሥ 9

ጋሼ፣

ተወው። አልተቆጣሁህም። ማለቴ፣ ተቆጥቻለሁ፣ ግን ጥፋቱ የኔ ነው። ያ ስድብ የእማዬና የአባቴ ነበር። እሷ ስትሰድበው እሱ ሳቁን ለመደበቅ ኮፍያውን ወደ ዓይኑ ይስብ ነበር፤ እኔ በሩ ሥር ቆሜ የሱን ሳቅ እስቅ ነበር። የራሴ መስሎኝ ወሰድኩት። ሳላስፈቅዳት ለሰርካዲስ አፍ ሰጠሁት።

ደወልኩላት። አነሳች። «ደህና ነኝ» አለችና ዘጋችው። ስለ ዓይንህ እንኳን አላነሳችም።

አሁን በጥሞና አንብብ። ምንም አታድርግ። ሰርካዲስ ጋ አትሂድ። አቶ ኃይለሚካኤል ጋ አትሂድ። የሰው እጣ አትንካ። ዋዜማ ላይ እኔው መጥቼ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ቴአትሩ የፈለገው ይሁን። ሰይፈዲን ሰው ያዋልድ።

አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፣ ሳትቀባባ። ያን ስድብ በአፏ ስትጠራው እያለቀሰች ነበር ወይስ ተቆጥታ?

ሔዋን


ሚዛን፣ ታኅሣሥ 16

ሔዋንዬ፣

«ምንም አታድርግ» ያልሽበት ደብዳቤ የደረሰኝ ካደረግኩ በኋላ ነው። ባዘዘውን ውቀሺ፤ ሁለት ጎማ ፈንድቶበት መንገድ ላይ ዘመዶቹ ቤት ከርሞ ነው የመጣው። በጊዜ ቢደርሰኝም ኖሮ የማደርገው አይለወጥም ነበር፤ ይህንንም ሳልቀባባ ነው የምነግርሽ።

ለጥያቄሽ፦ ተቆጥታ ነበር። ዓይኗ ደረቅ፣ ድምፅዋ እስከ መናኸሪያ የሚሰማ። አይቻት አሰብኩና፣ ይህች ሴት ከሞተው ሰው ጋር አልሞተችም አልኩ። ሰርካዲስ ጋ የሄድኩት ለዚህ ነው።

ኃይለሚካኤልን በራሱ ደንብ ያዝኩት። እቁብ ላይ እጣ የወጣለት ለተቸገረ ሰው መልቀቅ ይችላል። ተቸገርኩ ባዩ ግን በሰው ፊት ቆሞ ችግሩን በገዛ አፉ መናገር አለበት። «እጣ ካላችሁ እስከ ጥጉ እጣ ይሁን» አልኩት። ራሱን አከከና ተስማማ። ሰርካዲስ ግን እንዲህ በቀላሉ አልለቀቀችም።

«ነጠላውን ይዘው በሯ ላይ ከቆሙት አንዷ እኔ ነበርኩ» አለችኝ። «‹ደህና ነኝ› ብላ ሳታስገባን መለሰችን። ደህና ከሆነች የኔ እጣ ምን ያደርግላታል? ደህና ካልሆነች ግን ትናገር፤ ያኔ እለቃለሁ።»

ይህ ክፋት እንዳይመስልሽ። ተቀይማ ነበር፣ ቅያሜዋም ልክ ነበር።

በግድግዳው በኩል ለእናትሽ ነገርኳት። በዚህ ጊዜ አልዋሸሁም። «እታለም፣ የጻፈችው ልጅሽ ናት። የጻፈችው ስትቆጪ መስማት ናፍቋት ነው። ቅዳሜ ሰርካዲስ እጣውን ልትለቅልሽ ትችላለች፤ ችግርሽን በሰው ፊት ከተናገርሽ። ችግር ከሌለብሽ አትምጪ» አልኳት።

ቅዳሜ መጣች። በሩ ላይ፣ ጥቁሯን ለብሳ፣ ዣንጥላዋን ሳትዘጋ ቆመች። ኃይለሚካኤል ጉሮሮውን ጠራረገና «ወይዘሮ ተሾመች፣ በደንቡ መሠረት ችግርዎን ይናገሩ» አላት።

«ደህና ነኝ» አለች።

አንገቴን ደፋሁ። አዳራሹ በሙሉ አንገቱን ደፋ። ሰርካዲስ ነጠላዋን አስተካክላ «እንግዲህ ደህና ናት» ብላ ልትነሳ ስትል እናትሽ ጮኸች።

«ተቀመጪ ሰርካዲስ! አልጨረስኩም!»

ተቀመጠች። እኔም ቆሜ ስለነበር ተቀመጥኩ።

«ቤቴ ገብቼ የምቆጣው ሰው የለኝም» አለች። «ጠዋት ሻይ አፈላለሁ፤ ስኳር በዛ የሚል የለም። ጭቃ ጫማህን ውጭ አውልቅ የምለው የለም። ቤቴ ንጹህ ነው። ዓመት ሙሉ ንጹህ ነው። አንድ ሰው እንኳን አላቆሸሸውም። እናንተ ስትመጡ ያላስገባኋችሁ ቤቱን እንዳታዩት ነው። ሰለቸኝ። ችግሬ ይህ ነው። በደንቡ ይኑር አይኑር አላውቅም።»

ኃይለሚካኤል «ይህ እንኳን… እስከ ዛሬ የቀረበ ችግር…» እያለ ሲንተባተብ ሰርካዲስ «ለቅቄያለሁ!» አለች። ያን ቀን ድምፅዋ ከመጨረሻው አግዳሚ አልፎ መንገድ ላይ ተሰማ። ተቃቅፈው ተላቀሱ፣ ወዲያው ደግሞ ተጨቃጨቁ። «በር ላይ መልሰሽኛል!» «መልሼሻለሁ፣ አንቺስ አንድ ጊዜ ተመልሰሽ ቀረሽ!» ሰርካዲስ በዚያው የአዋላጅዋን ቦታ ልውሰድ ብትል ሰይፈዲን ጢሙን እያሻሸ «ችግርሽን ተናገሪ» አላት።

ጥቁሩን አውልቃለች። «ባለ አልቤርጎ በቡና ሰሞን ጥቁር ለብሳ በር ላይ ብትቆም ማን ነጋዴ ይገባል? ለቴአትሩ ብዬ ነው» ትላለች። እኛም ለቴአትሩ ነው እንላለን።

አሁን ስለ ራሴ ላልቅስ። እናትሽ ቴአትርሽን አርማዋለች። «ባልየው ለምን ይናገራል? ይህች ልጅ አባቷን አታውቀውም? እኔ ስቆጣ ኢሳይያስ አንድ ቃል መልሶ ያውቃል?» ብላ የባልየውን ቃል ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሰረዘችው። በስንት ተንኮል ያገኘሁት ቦታ ዝም ብሎ የሚቆም ሰው ሆኖ ቀረ። እሺ አልኩ። ትናንት በልምምድ ላይ እሷ ስትጮህ እኔ ዝም አልኩ።

«አይደለም!» አለች አቋርጣ።

«ምን አልኩ?»

«ዝም አልክ!»

«ዝም በል ብለሽኝ እኮ ነው!»

«ኢሳይያስ ዝም ሲል እንዲህ አልነበረም!»

እንዴት እንደነበር አሳዪኝ አልኳት። በመድረኩ መሃል ቆመች፣ አንገቷን ትንሽ ሰበር አደረገች። ከዚያ ተወችውና «አልችልበትም። እኔ ሁልጊዜ ተናጋሪዋ ነበርኩ» አለች።

ስለዚህ ሔዋንዬ፣ ፈተናሽን እንደጨረስሽ በመጀመሪያው መኪና ነይ። ይቅርታሽን ለሷ ስጪ፣ ቁጣዋንም ተቀበዪ፣ የጸጉርሽ ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ከዚያ ግን ለኔም ጊዜ ይኑርሽ። በበሩ ሥር ቆመሽ ያየሽው አንቺ ብቻ ነሽ፤ አባትሽ እንዴት ዝም ይል እንደነበር የሚያስተምረኝ ሌላ ሰው የለም።

አጎትሽ ከፈለኝ